የወንዶሰን ሱፍ

«ሱፍ አልብሱልኝ» አሉ መምህር መሸሻ። «ሞተሩ ግን እንዳይታይ። ምንም ነገሩ እንዳይታይ።»

ሳምራዊት ከኮምፒውተሩ ኋላ ብድግ ብላ ቆማ ነበር። ክፍል ሲገቡ የምትቆምላቸው የሒሳብ አስተማሪዋ ናቸው፤ ፎቶ ቤትም ቢሆን እግሯ ልማዱን አልረሳም። መምህር መሸሻ በጋ ከክረምት ከእጃቸው የማይለዩትን ጥቁር ጃንጥላ ባንኮኒው ላይ አስደግፈው፣ ከቡናማ ኮታቸው የደረት ኪስ አንዲት ትንሽ ፎቶ አወጡ። ልጃቸው ወንዶሰን አሥረኛ ክፍል ሳለ ለፈተና የተነሳው ጉርድ ፎቶ ነው። ጥጉን ውሃ ነክቶታል።

ወዚር ፎቶዋን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞራት። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ነው። ሮቤ ውስጥ በቀልዱ የሚታወቅ ሰው ቢሆንም ዛሬ ድምፁን ዝቅ አድርጓል።

«ጀባዳ መምህር፣ አይዞዎት። አላህ ያጽናዎት። ግን ይቺን በትልቁ ብናትማት ፊቱ ተበትኖ ነጠብጣብ ብቻ ነው የሚሆነው።»

«ሌላ የለኝም።»

«እኛ ጋ አለ። ሳምሪ ጥር ላይ በሞተር ውድድሩ አንስታዋለች። ፊቱ ጥርት ብሎ ይታያል።»

ውድድሩ ሲነሳ የመምህሩ ፊት ተለወጠ። ጃንጥላቸውን አነሱ። «እንግዲያው ከዚያ ላይ ፊቱን ብቻ ቁረጡት። አርባው እሑድ ነው።»

«ዓርብ መጥተው ይዩት። ቅዳሜ ታትሞ ይደርሳል ኢንሻአላህ።»

መምህር መሸሻ ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። ሳምራዊት በመስታወቱ በር በኩል፣ በጋሪዎቹና በባጃጆቹ መሀል ጃንጥላቸውን እንደ ከዘራ እየተመረኮዙ ሲሄዱ አየቻቸው። አርጅተዋል። በአንድ ወር ሰው እንዲህ ያረጃል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ሱፍ ማልበስ ለወዚር ፎቶ ቤት አዲስ ነገር አይደለም። ኮምፒውተሩ ውስጥ «ሱፎች» የሚል ፎልደር አለ፤ ጥቁር፣ ግራጫና ሰማያዊ ሱፎች ከነሸሚዛቸውና ከነከረባታቸው ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ የሌላቸው ራስ ብቻ ነው። ሰው ሲሞት ዘመድ የመታወቂያ ፎቶ ይዞ ይመጣል፤ ወዚርም ሟቹን ሱፍ አልብሶ፣ ከኋላው መጋረጃ ዘርግቶ፣ በትልቁ አትሞ ይሰጣል። ዕድሜ ልኩን ከጋቢ በቀር ያልለበሰ ገበሬ ሳይቀር ከዚህ ቤት ከረባት አስሮ ወጥቷል። ሳምራዊት ከትምህርት በኋላ እየመጣች መሥራት ከጀመረች ወዲህ ብዙ ሰው አልብሳለች። ወንዶሰንን ግን ታውቀዋለች።

ሮቤ ውስጥ ወንዶሰንን የማያውቅ ባጃጅ ነጂም የለም። ከዩኒቨርሲቲ ይልቅ ጋራዥን የመረጠ ልጅ ነው፤ ከአባቱ ጋር የተቀያየሙትም ያን ጊዜ ነው። ከተጣሉ አሮጌ ሞተሮች ብረት ለቃቅሞ በእጁ አንድ ሞተር ገጣጠመ፤ ጥር ላይ ስንዴው ከታጨደ በኋላ ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ሜዳ በተደረገው ውድድርም በዚያው ሞተር ገባ። መምህር መሸሻ «እዚያ ሜዳ እግሬ አይረግጥም» አሉ፤ ይህንንም ያሉት መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። ወንዶሰን ሦስተኛ ወጣ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ለአንድ ደንበኛ መለዋወጫ ሊያደርስ ወደ ዲንሾ ሲሄድ፣ ጉም ውስጥ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ያን ቀን ከማንም ጋር አልተሽቀዳደመም፤ ሥራ ላይ ነበር።

የወንዶሰን እናት ከሞተች ቆይታለች። አሁን በዚያ ቤት የቀሩት መምህር መሸሻና ሴት ልጃቸው ናፍቆት ብቻ ናቸው። ናፍቆት ከሳምራዊት ጋር ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠች ጓደኛዋ ናት። ከቀብሩ ቀን ወዲህ አባቷን አታናግርም።

ሳምራዊት በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ሥራውን ጀመረች። ወዚር ያስተማራት የመጀመሪያው ነገር «ዋናውን አትንኪ» የሚል ነው። መጀመሪያ ቅጂ ይወጣል፤ መቁረጡም መለጠፉም ቅጂው ላይ ነው። ቅጂ አወጣች።

ውድድሩን ያነሳችው እሷው ናት። ያን ቀን ወዚር ጎባ ሰርግ ነበረበትና ካሜራውን አንገቷ ላይ አጥልቆ፣ «ከራስሽ በላይ ለካሜራው እዘኚለት» ብሎ ላካት። ከጉርድ ፎቶና ከሙሽራ በቀር ሌላ የማታውቅ ልጅ አቧራ ውስጥ ገብታ ያገኘችውን ሁሉ አነሳች። በማግስቱ አብረው ሲያዩት ወዚር ሆዱን ይዞ ሳቀባት። አንዱ ፎቶ ላይ መሬቱ ወደ ጎን አጋድሏል፤ «ይሄ ሜዳ ወደ ጎባ ሊፈስ ነው እንዴ?» ብሎ አድማሱን ማቃናት አሳያት። ሌላው ላይ ፎቶውን ስትቆርጥ እስከ ሞተሩ ጎማ ድረስ አስጠግታዋለች፤ «ሞተር ከፊቱ መንገድ ይፈልጋል። አፍንጫው ላይ ከቆረጥሽበት ግድግዳ የገጨ ነው የሚመስለው» አላት። የአንዱን ተወዳዳሪ ፊት ደግሞ እንደ ለመደችው አለስልሳ፣ አቧራውን አጥባ፣ ጥርሱን ሳይቀር አንጽታ ጠበቀችው። ያን ጊዜ ወዚር ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ማሊ ኩን? ይሄ ምንድነው ሳምሪ? ሰውየው ሊያገባ ነው የመጣው? አቧራውን ካጠብሽው ምኑ ውድድር ሆነ?»

የምትኮራበት አንድ ፎቶ ግን ነበራት። ወንዶሰን ሲያልፍ ካሜራዋን ከእሱ ጋር እኩል እያዞረች ያነሳችው ነው። ሞተሩ ጥርት ብሏል፣ ጎማው ይሽከረከራል፣ ከኋላ ያለው ሕዝብና ዛፍ ሁሉ ተስቦ የቀለም ጭረት ሆኗል። ወንዶሰን ራሱ ስልኩ ላይ አድርጎ ለጋራዡ ሰው ሁሉ ሲያሳየው ነበር። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ፎቶ ግን ከሽፏል። የካሜራውን ፍጥነት አብዝታበት ሁሉም ነገር ደርቆ ቀርቷል፤ የጎማው ሽቦ አንድ በአንድ ይታያል። ወዚር «ይሄ ደግሞ ሞተሩን አቁሞ የተነሳው ነው» ብሎ አልፎት ነበር።

ዛሬ የሚያስፈልጋት የከሸፈው ነው። በሚያምረው ፎቶ ላይ የሄልሜቱ መስታወት ፊቱን ሸፍኖታል፤ በዚህኛው ግን አቧራው ቢያስቸግረው ወደ ላይ ገፍቶታልና ፊቱ ከግንባሩ እስከ አገጩ ይታያል።

ቆረጠችው። ሄልሜት ያደረገ ሰው ሱፍ አይለብስም፤ ስለዚህ ፀጉሩንና ጆሮውን ከጉርድ ፎቶው ላይ ወስዳ ገጠመችለት። አቧራውን ጠረገች። ግንባሩን አለሰለሰች። ግራጫውን ሱፍ አለበሰችው፣ ቀይ ከረባት አሰረችለት፣ ከኋላው ሰማያዊ መጋረጃ ዘረጋች።

የወጣው ሰው ባንክ ቤት የሚሠራ ይመስላል። ፀጉሩ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ ፊቱ የጎልማሳ። ከሁሉ የከፋው ዓይኑ ነበር። ወንዶሰን ሜዳው ላይ የሚያየው ከፊቱ ያለውን መታጠፊያ ነው፤ ዓይኖቹ ወደ ጎን፣ ትንሽ ወደ ታች ተተክለዋል። አሁን መታጠፊያው የለም። ከረባት ያሰረ ሰው መጋረጃው ጥግ ላይ የሆነ ነገር አይቶ የደነገጠ ይመስላል። ወንዴ ፈሪ አልነበረም፤ እንዲፈራ ያደረገችው እሷ ናት።

ምናልባት ፊቱ በሄልሜቱ ጨልሞ ይሆናል ብላ ወደ ሙሉው ፎቶ ተመለሰች። የጨለመውን ክፍል የሚያፈካውን መስመር ይዛ ወደ ቀኝ ገፋችው። የወንዶሰን ፊት ብቻ ሳይሆን ፎቶው ላይ የጨለመው ሁሉ አብሮ ፈካ፤ የሞተሩ ሆድ፣ የሕዝቡ እግር፣ ከሕዝቡ ኋላ የተደረደሩት የባሕር ዛፎች ግርጌ። እዚያ ዛፎቹ ሥር፣ ቀድሞ ጥቁር ብቻ የነበረ ቦታ ላይ፣ አንድ ሰው ቆሟል።

አቀረበችው። ቡናማ ኮት ለብሷል። ከሰው ራስ በላይ ለማየት ድንጋይ ላይ ወጥቶ አንድ እጁን ግንዱ ላይ አድርጓል። በሌላው እጁ የተጠቀለለ ጥቁር ጃንጥላ ይዟል።

ሳምራዊት እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። ክፍል ውስጥ ሲስቁ ታይተው የማያውቁት መምህር መሸሻ፣ እንደ ሕፃን ድንጋይ ላይ ተንጠላጥለዋል። ሕዝቡ ሁሉ የሚያየው ወደ ቀኝ፣ ቀድመው ወዳለፉት ሁለት ሞተሮች ነው። እሳቸው ብቻ ወንዶሰንን ያያሉ። አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል።

የምትኮራበትን ፎቶ ከፍታ ያንኑ ቦታ ፈለገች። በዚያኛው ላይ እሳቸው አንዲት ቡናማ ጭረት ናቸው፤ ማንም አያውቃቸውም። ይዟቸው የቀረው የከሸፈው ፎቶ ነው።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ናፍቆትን ከክፍላቸው ጀርባ፣ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ጋ አገኘቻት። ጥቁር ሻሿን እስከ ቅንድቧ ድረስ አስራለች።

«ሱፍ?» አለች ናፍቆት። «ወንዴን በሱፍ? በናትሽ አትቀልጂብኝ።»

«አባትሽ ናቸው ያዘዙት።»

«እሱማ ያዛል። በሕይወት እያለ አፈረበት፣ ሲሞት ደግሞ ሌላ ሰው አድርጎ ሊያስቀምጠው ነው። ሼም ነው እኮ ሳምሪ! እሑድ የጋራዥ ልጆች ሲመጡ የማን ፎቶ ነው የሚሉት?»

ሳምራዊት ከጎኗ ግድግዳውን ተደገፈች።

«አንድ ቀን ሄዶ ቢያየው ምን ነበረበት? አንዲት ቀን! ያን ቀን ወንዴ እየሮጠ ገብቶ ‹ሦስተኛ ወጣሁ አባዬ› ሲለው ምን እንዳለው ታውቂያለሽ? ‹ምኑ ነው ሦስተኛ?› ነው ያለው። ደብተር ሲያርም ነበር፣ ቀና እንኳ አላለም። ወንዴ ሜዳሊያውን አልጋው ሥር ወርውሮ ተኛ።» ናፍቆት ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «ሰኞ አክስቴ ጋ አዳማ እሄዳለሁ። ጨርሻለሁ። እዚያ ቤት ከእሱ ጋር ሁለታችን ብቻ መኖር አልችልም።»

«ሰኞ? ትምህርቱስ?»

«እዚያ እማራለሁ። እዚህ ማን አለኝ?»

እኔ አለሁ ማለት ፈለገች ሳምራዊት። ከዚያ በላይ ግን ሌላ ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አባትሽ መጥተው ነበር። ድንጋይ ላይ ወጥተው ሲያዩት ነበር። ይህን ብትናገር ጓደኛዋ ትቀራለች ወይስ ጭራሽ ትጠላቸዋለች? አይተው መጥተው «ምኑ ነው ሦስተኛ?» ያሉት እኮ ናቸው። ነገሩ የእሷም አይደለም፤ ተደብቆ የተቀመጠ የሰው ገመና ነው። ደወሉ ተደወለና ሳትናገረው ወደ ክፍል ገቡ። ከእረፍት በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነበር። መምህር መሸሻ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሲጽፉ ናፍቆት በመስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር፤ እሳቸውም እሷ ወደተቀመጠችበት ረድፍ አላዩም።

ዓርብ ከሰዓት መምህር መሸሻ መጡ። ወዚር ውስጠኛው ክፍል አንዲት እናት ከነልጇ ያነሳል፤ ልጁን ለማሳቅ ሲጮህ ይሰማል። ሳምራዊት ሱፍ የለበሰውን ከፈተችላቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። «ይሄ ማነው?» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። ያልገባው ተማሪ እንደሚጠይቀው ነው የጠየቁት።

«ወንዶሰን ነው ቲቸር። ዓይኑ ነው ያስቸገረኝ። ወዴት እንደሚያይ ካልታየ ሌላ ሰው ይሆናል። ሙሉውን ላሳይዎት?»

ወደ ስክሪኑ ቀረቡ። ሳምራዊት ያን ያፈካችውን ከፈተችው፤ እዚያ ውስጥ ማን እንዳለ ታውቃለች።

ወንዶሰን ከነሞተሩና ከነአቧራው ስክሪኑን ሞላው። መምህር መሸሻ ጎንበስ አሉ። ጣታቸውን አንስተው የልጃቸውን ጉንጭ ሊነኩ ደርሰው ተዉት። ሳምራዊት ሌላ ቦታ ማየት ስለነበረባት ባንኮኒው ላይ ያለውን ማስቲሽ አየች። ሰው እንደዚያ ሲያይ አብሮ ማየት ደግ አይደለም። ቀና ስትል የመምህሩ ዓይን ከሞተሩ አልፎ ወደ ዛፎቹ ሄዷል።

«ይሄን ማን አይቷል?» አሉ።

«እኔ ብቻ።»

«ናፍቆትስ?»

«አላሳየኋትም።»

ወንበር አቀረበችላቸው። ተቀምጠው ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። ከውስጠኛው ክፍል ሕፃኑ በመጨረሻ ሲስቅ ተሰማ።

«ልክ ነሽ። ዓይኑ ልክ ነሽ» አሉ። «ሱፉ ይቅር። ከነሞተሩ ይታተም። እኔን ግን አጥፊኝ።»

«ቲቸር...»

«ናፍቆት የተቀየመችኝ አልመጣህም ብላ ነው። አለመምጣት አንድ ነገር ነው። እኔ ግን መጥቼ፣ በዓይኔ አይቼ፣ ደስ ብሎኝ ሮጬ ቤቴ ገባሁ። ከእሱ ቀድሜ ለመድረስ ሮጥኩ። ከዚያ ምንም እንዳላየ ሰው ‹ምኑ ነው ሦስተኛ?› አልኩት። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ቀን ሄደ። ልጄ እንዳየሁት ሳያውቅ ሞተ።» ድምፃቸው ሳይሰበር ነው የተናገሩት፤ የከበደውም ለዚህ ነው። «ይሄን ምን ብዬ ልንገራት? አልመጣም ብላ ትመን። ያ ይሻለኛል።»

ከአስተማሪ ጋር ክርክር አይያዝም። ከሐዘንተኛ ጋርማ ጭራሽ። «እሺ ቲቸር» አለች ሳምራዊት።

ሲወጡ ወዲያው ጀመረችው። ከአንዱ ቦታ ቀድቶ ሌላው ላይ የሚለጥፍ ብሩሽ አለ። የዛፍ ቅርፊት ቀድታ ኮታቸው ላይ አደረገች፣ ጨለማ ቀድታ ጃንጥላው ላይ፣ ቅጠል ቀድታ ፊታቸው ላይ። ሰው ማጥፋት ሱፍ የማልበስን ያህል እንኳ አላለፋትም። ግንዱ ላይ የነበረችው እጅ ብቻ ትንሽ አስቸገረቻት፤ እሷም ጠፋች። ስትጨርስ ወንበሯን ወደ ኋላ ስባ አየችው።

ዛፍ አለ፣ ሕዝብ አለ፣ አቧራ አለ። ሕዝቡ ሁሉ ወደ ቀኝ ያያል። ወንዶሰን መሀል ላይ፣ ከእሱ ቀድመው ባለፉት ሰዎች አቧራ ውስጥ፣ ለብቻው ነው። ሳምራዊት ፊቶቹን አንድ በአንድ አየች፤ ደግማ አየች። እሱን የሚያየው ሰው የለም።

ወዚር እናቲቱን ሸኝቶ መጣና በትከሻዋ ላይ አጎነበሰ። «ከሸፈ ያልነው ነው? አሁንስ አማረበት።»

«ወዚር፣ ሰው ራሱ መጥቶ ‹አጥፉኝ› ቢል እናጠፋለን?»

«ደንበኛ ካለ ምን እናደርጋለን? ከሰርግ ፎቶ ላይ ስንት የተጣላ አጥፍቻለሁ፣ ሚዜ ሳይቀር።» አገጩን አከከ። «ወላሂ ግን፣ ቆይቶ ‹መልስልኝ› ሊል ያልመጣ አላጋጠመኝም። ዋናውን አትንኪ የምልሽ ለዚህ ነው።» ምን እንደጠፋ አልጠየቃትም። ፎቶውንና እሷን እያፈራረቀ አየና «ሃ ታኡ፣ ይሁን። ሥራው የአንቺ ነው» ብሎ የመብራቶቹን ገመድ ሊጠቀልል ሄደ።

ሳምራዊት ፋይሉን ልትዘጋ ስትል ኮምፒውተሩ ለውጡ ይቀመጥ እንደሆነ ጠየቃት። አይቀመጥ የሚለውን ነካችው።

ከዚያ አዲስ ቅጂ አውጥታ ከመጀመሪያው ጀመረች። አድማሱን አቃናች። ከሞተሩ ፊት መንገድ ተወችለት፣ ከኋላውም እስከ ዛፎቹ ድረስ ምንም አልቆረጠችም። የደበዘዘውን ቀለም ትንሽ አጠነከረች፤ አቧራውን ግን አልነካችም፣ ጉንጩ ላይ ያለውንም ጭምር። ጎማው እንደቆመ ነው፣ ለእሱ መድኃኒት የለውም፤ ይቁም። መጨረሻ ላይ የዛፎቹን ግርጌ፣ ያለ ምንም መለጠፍ፣ ድንጋዩ ላይ የቆመው ሰው ማን እንደሆነ እስኪለይ ድረስ አፈካችው።

ቅዳሜ ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ የታተመውን ፎቶ በወረቀት ጠቅልላ በብብቷ ይዛ ወጣች። ባጃጅ አልያዘችም፤ በእግር መሄድ የፈለገችው ለማሰብ ጊዜ እንድታገኝ ነው። ቢቆጧት ምን ትላለች፣ ከክፍል ብትባረርስ፣ ናፍቆት ፊት ለፊት ብትመጣስ? መንገዱ ግን አጭር ሆነባት። የመምህር መሸሻ ግቢ ውስጥ የዕድር ሰዎች ለነገ ድንኳን ይተክላሉ። በረንዳው ላይ አንድ ሻንጣ ቆሟል፤ ዚፑ ተዘግቶ፣ እጀታው ላይ የናፍቆት ሹራብ ተንጠልጥሎ። ከጓዳ ብርጭቆ ሲታጠብ ይሰማል።

መምህር መሸሻ ወደ በሩ መጡ። ፎቶውን ተቀብለው ወደ አጥሩ ዞር አሉና ወረቀቱን ከላይ ገለጡት። መጀመሪያ ወንዶሰንን አዩ። ከዚያ ወረቀቱን እስከ ታች ገለጡት።

«ማጥፋት አቃተሽ?» አሉ ሳይዞሩ።

አዎ አቃተኝ ማለት ቀላል ነበር። መብራት ጠፋ ብትልም ሮቤ ውስጥ ማንም አይጠራጠራትም።

«አላቃተኝም» አለች ሳምራዊት። «አጥፍቼዎት ነበር ቲቸር። እርስዎ ሲጠፉ ግን ፎቶው ላይ ወንዴን የሚያየው ሰው የለም። አንድም የለም። ሁሉም ሌላ ሰው ነው የሚያዩት።» ወደ ፎቶው ጠቆመች። «ለማንም አላሳየሁም፤ አላሳይምም። የእርስዎ ነው። ግን እንደዚያ አድርጌ ላትመው አልፈለግኩም።»

ክፍል ውስጥ የምታውቀውን ያን ደረቅ ድምፅ ጠበቀች። አልመጣም። መምህር መሸሻ ፎቶውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር፤ ጃንጥላቸው የለም፣ የት እንዳስቀመጡት እንጃ። ድንኳን የሚተክሉት ሰዎች ሚስማር ይመታሉ። እሳቸው በረንዳው ላይ ያለውን ሻንጣ አዩ፣ ፎቶውን አዩ፣ እንደገና ሻንጣውን አዩ።

«ናፍቆት» አሉ። ወደ ጓዳው በር ዞሩ። «ናፍቆት! ነይ እስቲ፣ አንድ የማሳይሽ ነገር አለ።»

የብርጭቆው ድምፅ ቆመ። እንደሌላው ቀን ዝም ብላ የምትቀር መሰለ። ሳምራዊት የግቢውን በር ይዛ እንደቆመች መሄድ እንዳለባት ገባት፤ ከዚህ በኋላ ያለው የሁለቱ ነው።

«አቤት» አለ ከውስጥ የናፍቆት ድምፅ።

ሳምራዊት በሩን ቀስ ብላ ከኋላዋ ዘጋችው።